ለሦስተኛው ምዕራፍ ዋስ ሲጠራ

ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ተማሪው ምን ምን ድጋፍ እንደሚሰጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ። በገባን ሰሞን አንድ ኃላፊ አዳራሽ ሰብስበው ሲዘረዝሩልን ሌሎቹ ተማሪዎች በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ እኔ አንድም ሳላስቀር ጽፌዋለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ ክፍልፋይ እደምር ነበር። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ደግሞ ከመድረክ ላይ የተነገረው ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

እናም ድጋፉን አንድ በአንድ ልጠቀምበት ተነሣሁ። ቤተ መጻሕፍት አለ ተብሏል፤ አለ። የምፈልገው መጽሐፍ ግን አንድ መምህር ዘንድ ነበር፣ መምህሩ ደግሞ ሶቭየት ኅብረት ነበሩ። የምክር አገልግሎት አለ ተብሎ ወደዚያም ሄድኩ። እዚያ የነበረችው ልጅ በትሕትና ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ ልጅዎ የስንተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ ምንስ ገጠመው ብላ ጠየቀችኝ። ተማሪዋ እኔ ራሴ እንደሆንኩ ስነግራት ደንግጣ ቆመች። ከዚያ በኋላ ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እጮኛዋ አስቸግሯት ኖሯል። የታይፕ አገልግሎትም ነበር። ታይፒስቷ ግን መፈክር ስትመታ ስለምትውል የእናንተ ተራ ከአብዮት በዓል በኋላ ነው ትላለች። የየትኛው ዓመት አብዮት በዓል እንደሆነ ግን አትናገርም።

ከድጋፎቹ ሁሉ ትልቁ አማካሪ ነው። የእኔ አማካሪ ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው፣ ውጭ አገር ተምረው ዶክተር የሆኑ ደግ ሰው ነበሩ። ክፋታቸው አጭር መጻፋቸው ብቻ ነው። ሌላው መምህር ገጽ ሙሉ የሚለፋበትን አስተያየት እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ በአንዲት መሥመር ይገላገሉታል።

የማሟያ ጽሑፌ ርእስ የአገሬ የወሎ ምርቃት ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ሳይመራረቅ አይለያይም። ሽማግሌው ሲመርቅ የተቀመጠው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ይቀበላል፤ እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል። ይህን ልሰበስብ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የትምህርት ፈቃድ ይዤ ደሴ ገባሁ። በየሰፈሩ፣ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ እየዞርኩ ሰበሰብኩ። ከዚያ ቤቴን ዘግቼ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጻፍኩ። የዝናቡን ምርቃት ለብቻ፣ የልጁን ለብቻ፣ የመንገዱን ለብቻ አድርጌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ንዑስ ክፍል አውጥቼ አስተካከልኩት። እውነቱን ለመናገር ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ልብሱ ተጣጥፎ የተደረደረበት ቁምሣጥን ይመስል ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ላክሁት፤ ተመለሰ። ከላይ በቀይ፦ «ዝርዝር ነው፤ ሕይወት የለውም። የተቀባዩ ሚና የታለ? እንደገና።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሦስተኛው ምዕራፍ ክረምት ሳይገባ ካልጸደቀ ፈቃዴ አይታደስም፤ ፈቃዴ ካልታደሰ ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ አንዴ ከተመለስኩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ በር እንደማይከፍትልኝ አውቀው ነበር። ያን ያህል ዓመት በኩራዝ የተማርኩት በአንዲት ቀይ መሥመር ሊቀር ነው።

ከተዘረዘሩልን ድጋፎች አንዱ የመስክ ክትትል የሚባል ነበር። አማካሪው ተማሪው ወዳለበት ወርዶ ያያል ማለት ነው። የሌሎች አማካሪዎች ሲወርዱ አይቼ አላውቅም፤ የእኔው ወረዱ። የደሴ ብርድ ሳላቸውን ስለሚያስነሣው ግን ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል አረፉና እዚያ ድረስ እንድመጣ መልእክት ላኩብኝ። ሄድኩ። ብዙ አስረዱኝ። ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር፣ በአማርኛ የተነገረው ግማሽ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ባሰብኝ። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ያልገባኝን በገባኝ ፊት እየሰማሁ፣ አንገቴን እየነቀነቅሁ ቆየሁና አመስግኜ ወጣሁ። አውቶብሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ያልገባኝ ነገር ሁሉ አብሮኝ ወጣ።

ደሴ ስደርስ በቀጥታ ፒያሳ ወደሚገኘው ወደ አጎቴ ሱቅ ሄድኩ። አጎቴ ሼህ እንድሪስ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከጨርቁ ይልቅ የሚታወቁት ግን በሽምግልናቸው ነው። የተጣላ ሰው ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ፊቴን አይተው ምን ሆነሽ አሉኝ። ከአማካሪዬ ጋር አልተስማማንም አልኳቸው። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሜትራቸውን አስቀመጡ። ተኳርፋችኋል ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። ሰላም ትባባላላችሁ? አዎን አልኩ።

«ይሄማ የባሰ ነው» አሉ አጎቴ። «በሆዱ ይዞታል ማለት ነው።»

ጠብ እንዳልሆነ፣ አስተያየት የሚባል ነገር እንደሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ የተለመደ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣ ስንት ጊዜ የለፋሽበትን አልቀበልም ብሎ መልሶልሻል፣ እውነት ነው ሐሰት ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኩ። ታዲያ ጠብ ብለሽ የምትጠሪው ደም ሲፈስ ብቻ ነው ወይ አሉኝ። ማስተርስ የምትማር ሴት ደም አለመፍሰሱን ብቻ አመነች።

በነጋታው ሽማግሌ ተመረጠ። በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ከአንድ ወገን ብቻ አይሆንም፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ይወጣል። ከክርስቲያን በኩል የጎረቤታችን የአቶ ጌታሁን ስም ተጠራ። ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ከቦሩ ሜዳ የመጡት ገበሬው ሐጂ ሙሄ ነበሩ። ሐጂ ሙሄ ክርክር አይወዱም። የእሳቸው ሥራ መጨረሻ ላይ መመረቅ ነው። ከምዕራፌ ውስጥ አብዛኛው ምርቃት የተለቀመው ከእሳቸው አፍ ስለነበር እሳቸውም ነገሩ ይመለከተኛል ብለዋል። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። አጎቴ ግን ተበዳይ ካልቀረበች ለማን እንፈርዳለን ብለው አስነሡኝ።

ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ አንዱ ጠባቂ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች አብረው ሲወርዱ አይቶ ስብሰባ ነው ወይ አለ። በዚያን ጊዜ ያልተፈቀደ ስብሰባ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። አጎቴ ስብሰባ ሳይሆን እርቅ መሆኑን አስረዱት። ማንና ማን ተጣልቶ ነው አለ። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ እያመለከቱ፣ እሷና አንድ ዶክተር አሉት። ጠባቂው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና አዘነልኝ። ሳይፈትሸን አሳለፈን።

ሆቴሉ ጋ የባሰ ጠበቀን። የሆቴሉ ባለቤት የሆነችው እመት የሽማግሎቹን አመጣጥ ገና በሩቅ አይታ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች። ምን አደረጋት ብላ ወደ አጎቴ ጆሮ ተጠጋች። አጎቴ የትምህርት ነገር ለሆቴል ሴት አይገባትም ብለው ይሁን አይታወቅም፣ በአጭሩ፣ የልፋቷን ፍሬ አልቀበልም አላት አሏት። ሴትዮዋ ደረቷን ያዘች።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ኧረ ሁለት ዓመት አልፎታል» አሉ አጎቴ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዶክተሩ እዚያ ሆቴል ውስጥ ሻይ የቀረበላቸው አይመስለኝም።

ዶክተሩ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው እያነበቡ ነበር። ሦስቱ ሽማግሎች ፊታቸው ተሰልፈው ቆሙ። ዶክተሩ ተነሥተው ወንበር ሳቡ፤ ማንም አልተቀመጠም። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ መሬቱ እንዲከፈትልኝ እየጠበቅሁ ነበር። ዶክተሩ ጋበዙ፣ ደግመው ጋበዙ። አጎቴ፣ የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም አሏቸው። ዶክተሩ የመጡበትን ጠየቁ። ልጃችንን ይታረቁልን አሏቸው። ዶክተሩ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። አልተጣላንም አሉ። አጎቴ አንገታቸውን ወደ አቶ ጌታሁን ዘወር አድርገው፣ አላልኩህም በሆዱ ነው የያዘው በሚል አኳኋን አዩዋቸው።

በመካከል አጎቴ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሐጂ ሙሄ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀመሩ። አቶ ጌታሁን ክርናቸውን ነክተው አስቆሟቸው።

ዶክተሩ መጨረሻ ላይ የተረዱት አንድ ነገር እነዚህ ሰዎች ካልተቀመጡ እሳቸውም መቀመጥ እንደማይችሉ ነው። ሙቀቱ ደግሞ የኮምቦልቻ ነው። እሺ፣ የሚሉትን እሰማለሁ አሉ። ሁሉም ተቀመጠ። አጎቴ ቅሬታዬን በሽማግሌ ቋንቋ አቀረቡ። እኔ እንኳን ስሰማው የማላውቀው በደል ነበረበት። ከዚያ በደንቡ መሠረት፣ የእርስዎንም እንስማ አሏቸው።

ዶክተሩ ምዕራፌን ከቦርሳቸው አወጡ። ከማስረዳ ላንብብላችሁ አሉና በተለመደው ደረቅ ድምፃቸው ጀመሩ። «ምርቃት አሥራ አራት፣ ንዑስ ክፍል ለ። ዝናቡን ለዘር። ምርቃት አሥራ አምስት። ጤዛውን ለሣር። ምርቃት አሥራ ስድስት፣ ንዑስ ክፍል ሐ። ልጁን ለወግ ለማዕረግ።»

ሐጂ ሙሄ ጠጋ አሉ። ይህን የመረቀው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ ገጹን አይተው፣ ሐጂ ሙሄ፣ ቦሩ ሜዳ ይላል አሉ። ሐጂ ሙሄ ሌላ ሐጂ ሙሄ ካለ ብለው ዘወር ዘወር አሉ።

«ወላሂ እኔ እንዲህ ብዬ ብመርቅ ሰዉ ጥሎኝ ነበር የሚሄደው» አሉ። «አሚኑ የታለ?»

አራት ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔም አሚኑ ከየምርቃቱ በኋላ ስለሚደጋገም፣ ድግግሞሽ ደግሞ በጽሑፍ ስለማይወደድ፣ በግርጌ ማስታወሻ አንድ ጊዜ ጠቅሼ እንዳለፍኩት አስረዳሁ። ስናገረው ራሱ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ።

«አንድ ጊዜ?» አሉ አቶ ጌታሁን። «ለዚያ ሁሉ ሰው?»

ዶክተሩ ምዕራፉን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ የተቀባዩ ሚና ያልኳት ይህንኑ ነው አሉ። አጎቴ ይህን ነግረውሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነግረውኛል አልኩ። ታዲያስ? አልገባኝም ነበር አልኩ። አልገባኝም ብለሽ ነገርሻቸው? ዝም አልኩ። ዝምታዬን በዕድሜዬ ሙሉ እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በማስረጃነት ተያዘብኝ።

ሽማግሎቹ ለመመካከር ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። እኔና ዶክተሩ እንደ ተከሰሱ ልጆች ጎን ለጎን ቀረን። አጎትዎ ነገረ ፈጅ ናቸው ወይ አሉኝ ቀስ ብለው። ጨርቅ ነው የሚሸጡት አልኳቸው።

ተመልሰው ፈረዱ። ለእኔ ሊማልዱ መጥተው በእኔ ላይ ፈረዱ። ያስቀረሁትን አሚንና አሜን ሁሉ ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንዳለው ጭምር ወደየቦታው እንድመልስ፣ ይህንንም ግንቦት ሳያልቅ እንድፈጽም ተባለ። ዶክተሩም አላመለጡም። ለደከመ ሰው በአንድ መሥመር መመለስ ነውር እንደሆነ፣ መንገድ የጠየቀን ሰው ሂድ ብቻ ብሎ መሸኘት እንደማይገባ ተነገራቸውና፣ የተስተካከለውን ሰኔ ሳይወጣ አንብበው ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲመልሱ ተወሰነ። ዶክተሩ ፈገግ ብለው ተቀበሉ። የደንቡን ቀሪ ክፍል አላወቁማ።

«እንግዲህ ዋስ ጥሩ» አሉ አጎቴ።

የእኔ ዋስ ራሳቸው አጎቴ ሆኑ። ዶክተሩ የሚጠሩት ሰው አልነበራቸውም። የሆቴሏ እመት በር ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዋስ መሆን ቀርቶ ሻይም አልሰጥም ያለች ናት። አቶ ጌታሁን አዩና አዘኑ። ሰውየው እንግዳ ነው፣ እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ እኔ ዋሱ እሆናለሁ አሉ። ዶክተሩ አመሰገኑና እጃቸውን ጨበጡ። የአክብሮት ነገር መስሏቸው ነው። አሁን ሐጂ ሙሄ ያለ ከልካይ መረቁ፣ እኔም ማስታወሻዬን አውጥቼ አሚኖቹን ተከታትዬ ጻፍኩ።

ዋስ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ በየምሽቱ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤቴ ይመጡና በር ላይ ቆመው፣ አሚኑ የት ደረሰ ይላሉ። ሠርግ ብጠራ ራሳቸው ቀድመው ልጅቱ ሥራ ላይ ናት ብለው ይመልሱልኛል። ለቀበሌ ስብሰባ ብቻ ነበር የሚለቁኝ። ያንንም ተቆጥተው ነው። የየሰዉን አሚን ለማግኘት እንደገና ዞርኩ። አንዷ ሴት አሚኗን ስታስረዝም፣ አንዱ ሽማግሌ ምርቃቱ ሳያልቅ ቀድሞ ሲቀበል፣ ልጅ ያጣች አንዲት ሴት የልጁ ምርቃት ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ሲወርድ ጻፍኩት። ቁምሣጥኑ ተበታተነ። ምዕራፉ ግን መተንፈስ ጀመረ። ግንቦት ሳያልቅ ተላከ፤ አጎቴም ከዋስነታቸው ወረዱና በሰላም ጨርቃቸውን ለኩ።

ሰኔ መጣ። ከዶክተሩ ድምፅ የለም። ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ ስደውል ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ትላለች። በሌላ ቀንም ስብሰባ። ዝናቡ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ መውረድ ጀመረ። የፈቃዴ ጉዳይ የሚታይበት ጊዜ እየቀረበ ነበር። እኔ ስለ ራሴ ስጨነቅ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ አቶ ጌታሁን እኔን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀምረዋል። ሰላምታ እንኳን በሩቁ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ በእጃቸው እርሳስ ይዘዋል። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሰውየው ቃሉን አልጠበቀም አሉ። እኔም ስብሰባ በዝቶባቸው ይሆናል፣ ይተዉት አልኳቸው።

«እንዴት ልተወው? ዋሱ እኮ እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ ካላነበበ የማነበው እኔ ነኝ። ምዕራፉን አምጪ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዳዊት ደግመው ያደጉ ሰው ናቸው፣ ማንበብ አያቅታቸውም። ቁጭ ብለው ቅጂዬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። በየከሰዓቱ እየመጡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንድ ፊደል ሳይዘሉ አነበቡት። አስተያየታቸውንም በጠርዙ ላይ በእርሳስ አሰፈሩ። የጠቀስኳቸውን ምሁራን ሁሉ ያለ ማዕረግ ስለጻፍኩ ተቆጡና ፈረንጆቹን ሳይቀር እያንዳንዳቸውን አቶ አሏቸው። ከእነዚህ የሞተ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝና የሞቱትን ስነግራቸው ከየስማቸው አጠገብ «ነፍሱን ይማር» ብለው ጻፉ። አንዱ ምሁር ሌላውን የሚነቅፍበት ቦታ ሲደርሱ፣ እነዚህስ ታርቀዋል ወይ አሉ። መታረቃቸውን እንደማላውቅ ስነግራቸው በጣም አዘኑ። መጨረሻው ገጽ ላይ «አንብቤ ተቀብያለሁ። ስለ ዶክተሩ ዋስ፣ ጌታሁን» ብለው ፈረሙ። ይህንኑ ቅጂ በፕላስቲክ ጠቅልለው አዲስ አበባ ለሚሄድ ለሚያውቁት የአውቶብስ ሹፌር ሰጡ፤ ለዶክተሩ በእጃቸው እንዲያደርስ አስምለው።

ሰኔ ሊወጣ ሲል ዶክተሩ ደሴ መጡ። ኮምቦልቻ አይደለም፣ ደሴ። ሐረጎን በዚያ ጉም ወጥተው፣ ሳላቸውን ከኮታቸው በታች ይዘው፣ ምዕራፉን ደግሞ ከሳሉ በታች። ወደ እኔ አልመጡም፤ አቶ ጌታሁን ቤት ሄዱ። እኔ የተጠራሁት በኋላ ነው። ስደርስ ዶክተሩ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቅጂውን በሁለት እጃቸው ለአቶ ጌታሁን እየሰጡ ነበር። አንብቤዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ፣ ዋስነትዎን ያውርዱልኝ አሏቸው። እርስዎ የጻፉትንም አንብቤአለሁ፣ ከሞቱት መካከል አንደኛው ግን በሕይወት አሉ ብለው ጨመሩ። ያንን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።

አቶ ጌታሁን ወዲያው አላወረዱላቸውም። መነጽራቸውን አድርገው የዶክተሩን አስተያየት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ረጅም ነበር። በየገጹ ምን መልካም እንደሆነ፣ ምን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ በአማርኛ ተጽፏል። አዩት፣ ገለበጡት፣ ገባኝ አሉ። እሳቸው ከገባቸው ለእኔም ይገባኛል ማለታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ወረደ አሏቸው። ዶክተሩ የትልቅ ፈተና ውጤት እንደሰማ ሰው በረጅሙ ተነፈሱ። ምዕራፉ የእኔ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ያ ቀይ ፊርማ የት እንዳለ ለማየት የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ።

ፈቃዴ ታደሰ። አራተኛውን ምዕራፍ ስጀምር ለደንቡ ብዬ ሁለቱንም ዋስ እንዲሆኑን ጠየቅኋቸው። አጎቴ ሱቁን አመካኙ፣ አቶ ጌታሁን ዓይናቸውን። ሌላ ሰው ፍለጋ ብወጣ ወሬው ፒያሳንም ሸዋ በርንም አዳርሶ ኖሮ፣ ለተማረ ሰው ዋስ ገብቼ መጽሐፍ ላነብ ነው ወይ እያለ ሁሉም ሸሸ። እኔና ዶክተሩ ያለ ዋስ ቀረን። በመካከላችን ስለ እኛ የሚያፍር ሰው ሲጠፋ ማፈሩ ለራሳችን ተረፈ። እሳቸው በጊዜው አነበቡ፤ እኔም አልገባኝም ማለት ለመድኩ።